የወንድሜ ሳጥን

እናቴ ክዳኑ የጠፋ የዘይት ጀሪካን እንኳ አትጥልም ነበር። የተሰነጠቀ ጋን፣ እጀታው የተነቀለ ማንቆርቆሪያ፣ የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ፣ የጧፍ ጉማጅ፣ ሁሉም በዚያች ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ ቦታ ነበረው። "ይሄ ደግሞ ለምንሽ ነው?" ስላት "አንድ ቀን ይፈለጋል" ትለኛለች። ያ አንድ ቀን ዕድሜዬን ሙሉ ሲመጣ አላየሁትም።

ባለፈው ክረምት ከአሸተን ተራራ በኩል የወረደው ጎርፍ የቤቱን የጓሮ ግድግዳ ይዞት ሄደ። እናቴ ቅዳሴ ላይ ስለነበረች ተረፈች። የቀረው ግድግዳም ሆዱን ገፍቶ ቆመ። የሰፈራችን ግንበኛ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና "እማማ፣ ይሄ ቤት ሳይቀብርዎ ይውጡ" አላት። መውጫው ደግሞ የኔ ቤት ብቻ ነው። እኔ ታች፣ ከባጃጅ ማቆሚያው በላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የሁለታችን አልጋ ከገባ በኋላ የሚተርፈው ቦታ አልጋ ሥር አንድ ሳጥን ቢያስገባ ነው።

እኔ ለመጣል እጄ አይሳሳም። እንግዳ ጠፍቶ ሥራችን እስኪቆም ድረስ ሆቴል ቤት አልጋ አነጥፍ ነበር፤ ሰው ረስቶት የሄደውን ሁሉ ጠራርጎ ማውጣት የለመድኩት ሥራ ነው። አሁን በረንዳ ላይ ሻይ እሸጣለሁ። ስለዚህ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ የእናቴን ቤት እንደ ሆቴል ክፍል ልጠርገው ገባሁ። ምን ዋጋ አለው፣ እኔ በፊት በር ያወጣሁትን እሷ በፈረሰው ግድግዳ በኩል መልሳ ታስገባዋለች።

በጠበል ጠርሙሶቹ ክፉኛ ተጣላን። ከየደብሩ ያመጣችው ጠበል ነው፤ አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኗል። ጠበል ደግሞ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። በጆንያ ተሸክሜ ወይራው ሥር ወስጄ፣ አንድ ባንድ እየከፈትኩ ስደፋ ዋልኩ። እሷ አጠገቤ ቆማ "ይሄ ወገቤን ያቆመልኝ ነው፣ ይሄ ያንቺን ኩፍኝ ያወጣው ነው" እያለች ታስተዋውቀኛለች። ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች። ሳቄን ስጨርስ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ሰብስባ ወደ ቤት እየተመለሰች ነበር።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ሳጥን ደረስን።

ወንድሜ ታናሼ ነው። አስጎብኚ ሊሆን ቋንቋ ይማር ነበር። በዚያ በጦርነቱ ጊዜ ከገበያ እህል ሲጠፋ፣ ገብስ ልፈልግ ብሎ በእግሩ ወደ ሙጃ ገበያ ወጣ። እህል ተሸክሞ ሲመለስ አየሁት ያለ ሰው አለ። ሙጃ ጭራሽ አልደረሰም ያለም አለ። አስከሬን አልመጣ፣ ወሬ አልመጣ፣ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

በኛ አገር ሰው ሞቶ አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ ይለቀሳል። ልብሱ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ ዘመድ ልብሱን ከቦ ያለቅሳል፣ ከዚያ ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል፤ እርም ወጣ ማለት ያኔ ነው። በቁሙ ያለን ሰው ልብስ እንዲህ ማድረግ ግን ሟርት ነው፣ ሞቱን መጥራት ነው። እናቴ ለዚህ ብላ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ልብሱን እንደ ሕያው ሰው ጓዝ ያዘችው። ለገና ታጥበዋለች፣ ለፋሲካ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ታሰጣዋለች። የንስሐ አባቷ "ልጄ፣ ፍትሐቱን እናድርስለት" ሲሏት "አባቴ፣ ልጄን በቁሙ አልቀብረውም" ብላ ጉልበታቸውን ስማ ትሸኛቸዋለች።

"እማ፣ እርማችንን እናውጣ" አልኳት ሳጥኑን እግሯ ሥር አስቀምጬ።

"ልብሱን ሰጥተን ስናበቃ ቢመጣ ምን ይለብሳል?"

"አዲስ እንገዛለታለን።"

"አዲስማ ለሙት ነው የሚገዛው" አለችኝ።

ተናደድኩ። ወንድሜ ነው፣ ለኔም ወንድሜ ነው። ሐዘን የገባበት ቤት አልቅሶ ይወጣለታል፤ እኛ ቤት ግን ማልቀስ እሱን መግደል ነበር። ሆቴሉ እስኪዘጋ ድረስ እንግዳ በሌለበት ክፍል ገብቼ፣ አንሶላ አፌ ላይ ይዤ ነበር የማለቅሰው። ይህን አልነገርኳትም። ቆጡ ላይ ወጥቼ ሌላውን ሳጥን አወረድኩ።

እሱ የራሷ ነው። ሽማግሌዎቻችን መገነዣቸውን በቁማቸው ያዘጋጃሉ፤ እናቴም ነጭ አቡጀዲ ገዝታ፣ ጠበል ነክራ አድርቃ፣ ከሰሌኑ ጋር አስቀምጣዋለች። የሰፈር ሴቶች ሲመጡ አውጥታ ታሳያቸው ነበር፣ ሌላው ሰው አዲስ ቀሚስ እንደሚያሳየው። ሁለቱን ሳጥን ጎን ለጎን አደረግኳቸውና "ቦታው የአንድ ነው፤ ምረጪ" አልኳት። አሮጊት ሴት የራሷን መገነዣ አትጥልም ብዬ ነበር። እናቴን ሳላውቃት ነው ያረጀሁት።

በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ትለምን የነበረች አንዲት ዘመድ የሌላት ሴት ሞተች። መገነዣ ከየት ይምጣ ሲባል እናቴ አቡጀዲውን ከነሰሌኑ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው።

"አንቺስ? አንቺ በምን ልትገነዢ ነው?"

"መገነዝ የልጅ ነው። ልጄ ይገንዘኛል።"

"እኔስ ልጅሽ አይደለሁ?"

"አንቺማ አለሽ" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ የታያትን ነው የተናገረችው። ያለ ሰው አይጠበቅም፣ ያለ ሰው አይታጠብለትም፣ ያለ ሰው ሻይ ሸጦ ይገባል። ያ ቃል እስካሁን ደረቴ ላይ አለ።

የወንድሜ ሳጥን አልጋዬ ሥር ገባ። ጋኑ፣ ጀሪካኑ፣ ጠርሙሱ ሁሉ ከግድግዳው ጋር ቀረ። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ቤቷን ከለቀቀች ወዲህ ሳል ያዛት፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ባሰባት፣ ጤና ጣቢያ ወስጃት የሰጡኝን መድኃኒት ጾም ነው ብላ አልውጥም አለች። በመጨረሻዋ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። "ዛሬ ፀሐይ አለ፣ ሳጥኑን አውጪው" አለችኝ። አውጥቼ ስመለስ አልፋለች።

ሴቶቹ መጥተው ገላዋን አጠቡ። ከመሐላቸው አንዷ መገነዣዋን አምጪ አለችኝ፤ ስታሳያቸው ያዩት ናቸዋ። ሰጥታዋለች አልኩ። ሱቅ ሰው ልከን አቡጀዲ እናስመጣ ተባለ። እኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ከተሰጣው ልብስ የወንድሜን ጋቢ አነሳሁ። ቋንቋ መማር ሲጀምር እናቴ ራሷ ፈትላ ያሸመነችለት ነው። አሁንም ነጭ ነው፤ እንዴት አይነጣ፣ ሲታጠብ ኖሮ።

ይዤው ገባሁ። ለጸሎት የመጡት የንስሐ አባቷ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ የቆመ ሰው ልብስ ከሙት ጋር አይወርድም። ይሄ ሟርት ነው።"

"አባቴ፣ ቆሟል ይበሉኝ፤ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።"

አላሉኝም። መስቀላቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩና "ገንዙ" አሉ። ከዚያ አንዷ ሴት በልቅሶው መሐል የወንድሜን ስም ጠራች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ከሄደ ጀምሮ ስሙ በልቅሶ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የሁለት ሰው ለቅሶ ባንድ ጊዜ አለቀስኩ፣ እስኪይዙኝ ድረስ። ሰሌኑን ደብሩ ሰጠን። እናቴ እንዳለችው ሆነላት፤ የገነዛት ልጇ ነው።

በአርባዋ የተረፈውን ልብስ ለነዳያን ልሰጥ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። ከእንግዲህ እርሜን አውጥቻለሁ፣ ቦታም ይሰፋልኛል ብዬ ነበር። ሸሚዞቹን አንድ ባንድ አነሳሁ። አንደኛው አንገቱ ላይ እናቴ የሰፋችው አለ፤ ክሩ ቀለሙ አይገጥምም። ነዳያኑ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ዳቦውንና ንፍሮውን ሰጠኋቸው። የራሴንም ሹራብ ሰጠሁ። ሸሚዞቹን አጣጥፌ መለስኳቸው።

ለፋሲካ አጠብኳቸው። ዛሬም ፀሐይ ስላለ አስጥቻቸዋለሁ፤ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች የማን ነው አይሉኝም፣ ያውቃሉ። ከመጣ የሚለብሰው አያጣም። ጋቢዬስ ካለኝ፣ እማ ለብሳዋለች እለዋለሁ።