የጫልቱ አውሬ

ባለፈው ሳምንት አልጋ ላሠራ አምቦ ውስጥ አንድ አናጢ ቤት ስገባ ገና የተላገ የጥድ እንጨት ሽታ ተቀበለኝና፣ ስለ አልጋው ስፋት የጀመርኩትን ወሬ እንኳ ሳልጨርስ ሐሳቤ ወደ ስድስተኛ ክፍል፣ ወደዚያ ዝናባም ክረምት ነጎደ።

ትምህርት ቤታችን ክረምት ክረምት የተፈጥሮ ክበብ ነበረው። በአማርኛም በኦሮምኛም የምንማር ልጆች ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ክፍል ተሰብስበን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህር ሰለሞን የሚሉትን ለመስማት አንገታችንን እናሰግግ ነበር። መምህር ሰለሞን ከጎጃም የመጡ፣ ኦሮምኛቸው የሚያስቀን፣ እሳቸው ግን ከመናገር የማያፍሩ ረጅም ሰው ነበሩ። አንድ ቀን፣ «ከቤታችሁ የሰማችሁትን አንድ አንድ ጉደኛ አውሬ ይዛችሁ ኑ፤ የትኛው በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል እናወዳድራለን» አሉን።

እናቴ የጉደር ልጅ ስለሆነች እኔ የፏፏቴውን ባለ ሰባት ራስ ዘንዶ ይዤ ቀረብኩ። አንዱ ልጅ ደግሞ ሰው መስሎ ጌዶ ገበያ የሚውል ጅብ አመጣ። ጫልቱ ከጭልሞ ደን ጥግ መጥታ አክስቷ ቤት መኖር ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነበር፤ አማርኛው ስለሚያስቸግራት ዝምታን ትመርጣለች። ያን ቀን ግን ተነሥታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «የእኔ ዌኒ ነው። ጥቁር ነው፤ ነጭ ካባ አለው፤ ጢም አለው። አውራ ጣት የለውም። ከዛፍ ዛፍ ይበራል። አካኮ፣ ማለቴ አያቴ፣ ‹የጫካ መነኩሴ› ይሉታል» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ «መነኩሴ ዛፍ ላይ!» ብዬም ጨመርኩበት። ጫልቱ ደብተሯን ሰብስባ ወደ በሩ አመራች። «ነገ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ትምህርቱ ይቅርብኝ» ስትል ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

«ቆዪ ጫልቱ፣ ገና መች አወዳደርን?» አሏት መምህር ሰለሞን፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ቤተልሔም፣ ዘንዶሽ ምን ይበላል?»

«በቀን አንድ በሬ።»

«ጉደር ውስጥ በየቀኑ በሬ የሚጠፋበት ሰው አለ?»

እንዲህ ያለ ወሬ ቢኖር እናቴ ከማንም ቀድማ እንደምትሰማ ስለማውቅ «የለም» አልኩ።

«ስንት ናቸው?»

«አንድ።»

የጌዶውም ጅብ አንድ ነበር፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። «እንግዲህ እነዚህ ሲሞቱ አለቀ ማለት ነው። ያንቺስ ጫልቱ?»

«ዘጠኝ» አለች ሳታመነታ። «ቅጠል ይበላሉ። አንዷ ወልዳለች፤ ልጇ ሙሉ ነጭ ነው። አካኮ ዛፎቹን እንዳይቆርጧቸው ጎረቤቶቻችንን ለምነዋል።»

ሳቁ ጠፋ። መምህር ሰለሞን ፈገግ ብለው፣ «ዌኒ በአማርኛ ጉሬዛ ነው። ካመጣችኋቸው ሁሉ የመኖር ተስፋ ያለው የጫልቱ ብቻ ነው፤ እሱም ዛፉ ከቆመ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጭቃውን እየረገጥኩ አክስቷ ቤት ሄድኩ። ጫልቱ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ይቅርታ ማለት ቢያቅተኝ፣ «አውራ ጣት እንደሌለው በምን አወቅሽ?» አልኳት። «ቆጥሬ ነዋ» ብላ እጇን ዘርግታ ታሳየኝ ጀመር፤ ፌስታሉም ሳይነሣ ረፈደ። አልሄደችም።

ዛሬ መምህር ሰለሞን ከተዛወሩ ቆይተዋል፤ ያ የሚያፈሰው ክፍል ፈርሷል፤ የጫልቱ አያትም አርፈዋል። የጉደርን ድልድይ ስሻገር ዘንዶው ይወጣል እያልኩ ድሮ ያስሮጠኝ የነበረው ያ ጣፋጭ ፍርሃት እንኳ አይመጣልኝም። ከጭልሞም እኛ የምናውቃቸው ብዙ ዛፎች ወድቀዋል።

ጫልቱ ግን የደን ባለሙያ ሆና እዚያው ትሠራለች። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ስሄድ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንለዋወጥ የዝግባ ችግኝ አስያዘችኝ። ተንበርክኬ እየተከልኩ፣ «ይሄ ዛፍ ሆኖ ዌኒ የሚወጣበት መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔና አንቺ አንደርስበትም» አለች እየሳቀች። «አፈሩን ብቻ በደንብ ጠቅጥቂው።»