ውሻው፣ ድመቷና የእማሆይ ድስት

ነገሩ የጀመረው በቅበላ እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቢቸና አውቶቡስ ከሚቆምበት ዛፍ ሥር ነው። እናቴ ወደ ደጀን፣ እኔ ወደ ሞጣ የምንሄድበት ሰዓት ገጥሞ ነበር። እሷ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ አዲስ አበባ ልትገባ ነው፤ ታላቅ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ቀን ደርሷል። እኔ ደግሞ በማግስቱ ሰኞ ሞጣ ትምህርት ቤት ክፍል መግባት ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚያ በአስተማሪነት ከተመደብኩ ገና ግማሽ ዓመት አልሞላኝም ነበር።

እናቴ በአንድ እጇ ገመድ፣ በሌላው ክዳን ያለው ቅርጫት ይዛለች። በገመዱ ጫፍ ውሻችን፣ ቅርጫቱ ውስጥ ድመታችን አሉ።

«እስከ ፋሲካ ነው» አለችኝ። «ውሻውን አባትሽ ከኪሱ ዳቦ እያወጣ ያሳደገው ነው። ለሰው ሰጥቼው ብሄድ የሟች አጥንት ይወቅሰኛል። ድመቷም ጥርስ የላት፤ ማን ይይዝልኛል?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው።»

«እነሱስ ስንት ክፍል ጠየቁሽ?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ገመዱን ተቀበልኩ።

የሞጣው አውቶቡስ ረዳት ውሻውን ከራሱ እስከ ጅራቱ ለካውና «ይኼ የሰው ሒሳብ ይከፍላል» አለ። እኔ ቦርሳዬን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ቆሞ የሚሄድ ሰው ስንት ይከፍላል?» አለችው።

«ሙሉ።»

«እሱ ተኝቶ ነው የሚሄደው።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱም አብሮ ሳቀና በግማሽ ሒሳብ ተስማማ። ስለ ውሻችን ገንዘብ ስንከፍል ያን ቀን የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

ምክንያቱም ቢቸና እያለን ውሻና ድመት ወጪ እንዳላቸው አናውቅም ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ሥጋ ቤት አለ። ውሻው ጠዋት ጠዋት እንደ መንግሥት ሠራተኛ በሰዓቱ ይሄዳል፣ ባለ ሥጋ ቤቱ አጥንትና ቁርጥራጭ ይጥልለታል፣ ጠግቦ ይመለሳል። ድመቷ ደግሞ ላማችን በታለበች ቁጥር ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጣ ድርሻዋን ትወስዳለች። ከጓሮ የሚመጣ ነገር ወጪ አይመስልም። የማንቆጥረው ስለማንገዛው ነበር።

ሞጣ ያከራዩኝ ሴት ባለ ቆብ መነኩሲት ናቸው። ከመርጡለ ማርያም አካባቢ የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ። እማሆይ እንላቸዋለን። እንግዶቼን ይዤ ስገባ በራቸው ላይ ቆመው ሦስታችንንም በየተራ አዩን።

«የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፤ ሂዱ አልልም» አሉ። «ነገር ግን ሁለት ነገር። ውሻው በጸሎት ሰዓት አይጩህብኝ። የእነሱ ነገር ከማድቤቴ ዕቃ ጋር አይነካካ። ከነካካ፣ ልጄ፣ ለሦስታችሁም ሌላ ቤት ትፈልጊያለሽ።»

«እሺ እማሆይ» አልኩ።

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። የሞጣ ሥጋ ቤቶች በራቸውን ዘጉ፤ ወተት የምታመጣው የገጠር ሴትም ቅቤዋን ለፋሲካ ልታጠራቅም ቀረች። ለውሻው ሽሮ በእንጀራ ሰጠሁት። አሸተተው፤ ከዚያ ሌላ ሰው እየጠበቀ እንደሆነ ሁሉ ወደ በሩ ተመለከተ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። ድመቷ ምግቧን ብቻ ሳይሆን እኔንም ማየት ተወች። አይጥ ትይዛለች እንዳልል፣ ጥርሷ አልቋል፤ በዚያ ላይ እማሆይ እህላቸውን በጭቃ በተመረገ ጎታ ስለሚያስቀምጡ ግቢው ውስጥ አይጥ የሚባል ነገር አላየሁም። ሐሙስ ዕለት የውሻው ጎን አጥንቱ መታየት ሲጀምር፣ ለእናቴ የምጽፈው ደብዳቤ በዓይኔ መጣ፤ የአባቴን ውሻ በጾም ገደልኩት የሚል።

ከገበያው በላይ ሁለት ላም ያላቸው ሙስሊም ቤተሰብ እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ባዶ ጠርሙስ በነጠላዬ ሥር ይዤ ሄድኩ። ባለ ቤቷ ደርባባ፣ ተጫዋች ሴት ናት።

«አስተማሪ፣ በሁዳዴ ወተት?» አለች።

«ለድመት ነው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«ለድመት።»

«እንግዲያ ድመትሽ ከእኛ ወገን ናት» ብላ ሳቀችና ጠርሙሱን ሞላችልኝ። «ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ላኪያት፤ እንዴት እንደምታደርግ እናያለን።»

ዋጋው ስሙኒ ነው፤ በየሁለት ቀኑ። ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ በጣሳ እገዛለሁ፤ ፉርሽካውን በውኃ አፍልቼ ትንሽ ወተት ጣል ሳደርግበት ውሻው ሳህኑን እስኪያበራው ድረስ ላሰው። የቀረው ወተት የድመቷ ነው። ለዚህ ስል ስኳር ተውኩ፤ በመብራት ማንበብንም ቀነስኩ፣ ላምባው ለምድጃው እንዲተርፍ። ተርፎኝ ነበር ማለት አልችልም፤ ግን ይበቃ ነበር። ቁጠባ እንደዚህ ደስ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ውሻው በአንድ ጎን፣ ድመቷ በሌላው ተጋድመው የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፣ ቢቸና ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ስሕተቴ ከድስቱ ላይ ነው። የገዛሁት አንድ ስስ የብረት ድስት አለኝ። ፉርሽካ ሳፈላበት ሥሩ አረረ። እማሆይ ደግሞ ስከራይ «ለሽሮሽ ይሁንሽ» ብለው ያዋሱኝ አንዲት ወፍራም ሸክላ ድስት አለች። እኔም እንደ ተማረ ሰው አሰብኩ፤ ፉርሽካ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ ሸክላ ደግሞ አያሳርርም፤ ሽሮ ቶሎ ይደርሳል፣ ለእሱ ስሱ ብረት ይበቃዋል። ላምባም ይቆጥባል። ለውሻው ሸክላዋን፣ ለራሴ ብረቱን አደረግሁ። ማታ ማታ ሸክላዋን በአመድ ፈትጌ፣ የፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አፍስሼ አጥባታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጀርም የተማርኩት ሁሉ ይህ እንደሚበቃ ይነግረኝ ነበር። ሸክላ እንደሚጠጣ፣ የጠጣውንም እንደማይመልስ ማንኛዋም የሞጣ ሴት የምታውቀው ነገር ለእኔ አልታወሰኝም። ማስታወስ ስጀምር ደግሞ ረፍዶ ነበር፤ አንድ ቀን ድስቷን ሳሸታት ሞቅ ያለ የጥጃ ሽታ ነበራት።

መናገር ነበረብኝ። ነገ እላለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

በእነዚያ ሳምንታት እማሆይ ለእኔ የተለየ እንክብካቤ ጀመሩ። ቀድሞ ውኃ የምንጠጣው በአንድ ጣሳ ነበር፤ አንድ ቀን ጆሮው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት አዲስ ጣሳ አምጥተው «ይኼ የአንቺ ብቻ ነው» አሉኝ። ለአስተማሪነቴ የተሰጠ ክብር መሰለኝና አፈርኩ። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት በማር መጣ፤ ከዚያ ፌጦ ተወቅጦ መጣ። «ብዪው፣ አትጠይቂ» ይሉኛል። በላሁት። ሲያናግሩኝ ትንሽ ራቅ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ማድረጋቸውን የጾም ትሕትና ነው አልኩ። ባከበሩኝ ቁጥር ድስቷ ትከብደኝ ጀመር።

የደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ቅዳሜ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ እማሆይ ከግቢው ጠሩኝ።

«ነገ የሰንበቴ ተራዬ ነው» አሉ። ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ግቢ እየተሰበሰቡ በየተራ ደግሰው የሚበሉበት ማኅበር ነው። «ምስር ልሠራ ነው። ያቺን ሸክላ ድስት አምጪልኝማ።»

«እሺ እማሆይ» አልኩና ገባሁ።

ክፍሌ መካከል ድስቷን አቅፌ ቆምኩ። ነገ ጠዋት ቄሱ፣ ዲያቆናቱ፣ የሰንበቴው አባላት በሙሉ፣ በመንፈቀ ጾም፣ ከዚህች ድስት ምስር ሊበሉ ነው። ብናገር ሦስታችንም እንወጣለን፤ ፋሲካ ደግሞ አንድ ወር ይቀረዋል። ዝም ብል ደግሞ የማኅበሩን ሁሉ ጾም የማፍረስ ኃጢአት ይዤ እተኛለሁ። ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ እጄን መልቀቅ። ከሥሬ የድንጋይ ወለል አለ። ወደቀብኝ እላለሁ፤ እማሆይም ያምኑኛል፤ አዲስ ድስት እገዛላቸዋለሁ፤ ወጪውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ውሻው ራቱ የደረሰ መስሎት ጅራቱን እየቆላ ያየኛል። ጣቶቼን ላላ አደረግሁ።

«ልጄ» አሉ እማሆይ ከውጭ፣ «ተይ፣ አትሸከሚው። ደክሞሻል፤ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገቡ። እጃቸውን ሲዘረጉ ድስቷን ወደ ደረቴ አጥብቄ ያዝኳት።

«እማሆይ፣ ይህች ድስት ወተት ፈልቶባታል።»

እጃቸው ባለበት ቆመ። «መቼ?»

«ከሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ፣ በየማታው።»

«ወተቱን ማን ጠጣው?»

«ውሻውና ድመቷ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጾመኛ ነኝ።»

«አንድ ጉንጭ? ሐኪም አዞሽ?»

«ሐኪም አላየኝም። አንድ ጉንጭም አልቀመስኩ።»

«ታዲያ ሌሊት በግድግዳው የምሰማው ሳል የማን ነው? የድመቷ ነው?»

«የእኔ ነው። የጠመኔ አቧራ ነው፣ እማሆይ። ሰሌዳው ፊት ለፊት ነው የምቆመው።»

ነጠላቸው ከአፋቸው ወረደ። ሳጥኔ ላይ ተቀመጡና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ቆባቸው እስኪዘም ድረስ እየሳቁ ነበር።

«ለሳንባ በሽተኛ ወተት ያዝዛሉ ሲሉ ሰምቼ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ጠርሙሱን በነጠላሽ ሥር ሳይ፣ ሳልሽን ስሰማ፣ ይህቺ ልጅ ደረቷን ታማ ከእኔ ደበቀችኝ አልኩ። በየማታው ለአንቺ መዝሙረ ዳዊት እደግምልሻለሁ። ፌጦዬን፣ ነጭ ሽንኩርቴን፣ ያን ሁሉ ማር ለጠመኔ አበላሁት በይኛ።»

«ባለ ክሩ ጣሳስ?» አልኩ።

«እንዳይጋባብኝ ነዋ። ምን መስሎሽ ነበር?»

«አክብሮት።»

እንደገና ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ድስቷን ከእጄ ወስደው አሸተቷት፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ከማድቤቴ ዕቃ አይነካካ አላልኩም?»

«ብለውኛል።»

«እኔን የከፋኝ ወተቱ አይደለም። አንድ ወር ሙሉ እዚህ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንዲት ቃል መናገር ያቅትሻል? ተማሪዎችሽ ፊት ቆመሽ በምንሽ ነው የምታስተምሪው?»

እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የሚመጣልኝ መቼ እንደሆነ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ውሻው በመካከላችን ተጋደመ። እማሆይ ጎንና ጎኑን አዩት።

«አባትሽ ነው ያሳደገው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ወፍሯል» አሉ። ከዚያ ድስቷን መሬት ላይ፣ አፍንጫው አጠገብ አስቀመጧት። «ከእንግዲህ የፍስክ ናት፤ ለእሱ ትሁን። ዋጋዋን ትከፍይኛለሽ፣ በገንዘብ ግን አይደለም። የነገው ምስር ድስት ይፈልጋል። ከአጥሩ ወዲያ ጠላ ጠማቂዋ ትልቅ ሸክላ አላት። ሂጂና ለምኚልኝ። ለምን እንደፈለግሽውም ንገሪያት፣ ሳታሳጥሪ።»

ስሙኒ ሳይሆን ሃምሳ ብር ቢጠይቁኝ ይቀለኝ ነበር። ጠላ ጠማቂዋ ቤት አምስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ጀመርኩ፤ ድምፄ ጠፋ፤ «ምን አልሽ?» ተባልኩ፤ እንደገና ጀመርኩ። ወደ መካከሉ ስደርስ አንደኛው ሽማግሌ «ቆይ፣ ውሻው ሽሮውን ትቶ በሩን አየ?» አለ፤ እኔም ውሻው እንዴት እንዳየ በአንገቴ አሳየሁ። ድስቱን ተሸክሜ ስወጣ ቤቱ ገና ይስቃል። ከኋላዬ አንዱ «አስተማሪዋ አፍ አላት ለካ» ሲል ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የእማሆይን ምስር ለሰንበቴው አደረስኩና ቤት ገብቼ ጠርሙሴን አነሳሁ። በነጠላዬ ሥር አላደረግሁትም። ወተቱን አስሞልቼ በዋናው መንገድ መካከል፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት፣ በእጄ ይዤው ሄድኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከእናቷ ጋር ነበረች። እናቲቱ ጠርሙሱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ቀድሜ ሰላም አልኳትና፣ ሳትጠይቀኝ፣ «ለድመቷ ነው» አልኳት።