ስለ ሮለር ኮስተር የተቀመጠ ሽምግልና

«እሺ ብላለች!» አለችኝ እናቴ፣ ስልኩን ገና ከጆሮዋ ሳታወርድ።

ማን እሺ እንዳለች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከጥቅምት ጀምሮ እሺ እንድትለኝ የምጠብቃት ሰው አንዲት ናት፤ እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ። ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋይት ሲቲ በሚገኘው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ጎን ለጎን እየተቀመጥን ነው ያደግነው። ጥቅምት ላይ ተኳረፍን፤ የካቲት ገብቶ እንኳ ሰላም አንባባልም ነበር። አሁን ልትታረቀኝ እሺ አለች! ባተርሲ ባለው ጠባብ ኮሪደራችን ውስጥ ዘለልኩ፤ የታች ቤት ጎረቤቶቻችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እስኪያንኳኩብን ድረስ ዘለልኩ።

«ቅዳሜ ከክላስ በኋላ ነው» አለች እናቴ። «የትምህርት ቤታችሁ እትዬ ናቸው የደወሉት። እሳቸውና ጋሼ ለሽምግልና ይቀመጣሉ።»

መዝለሌን አቆምኩ።

«ማሚ፣ ፕሊስ! ሽማግሌ እኮ ለባልና ሚስት ነው!»

«ሽማግሌ ለተጣላ ሰው ነው። እናንተ አልተጣላችሁም?»

ተጣልተናል። ጭንቁ ያለው በምን እንደተጣላን ላይ ነው። ይህንን ለሽማግሌ ከመናገር አፌን በፕላስተር ብታሽግልኝ ይሻለኝ ነበር። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። በአማርኛ መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ የማፍርበትን ነገር ሳይቀር መጻፍ ደስ እያለኝ ነው፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

በዚህ አገር ሁለት ትልልቅ መዝናኛ ፓርኮች አሉ። አንደኛው ለለንደን የቀረበ፣ ውሃ የከበበው ነው። ሌላው ራቅ ብሎ ኮረብታና ዛፍ መሀል ነው ያለው። ባለቤታቸው አንድ ስለሆነ ደጋፊዎቻቸው «እህትማማቾቹ» ይሏቸዋል። አዎ፣ እንደ ኳስ ቡድን ደጋፊ አላቸው። የየትኛው ሮለር ኮስተር፣ ያ እየተገለባበጠ የሚበር ባቡር፣ ይበልጣል፣ አዲሱ ባቡር ለየትኛው ይገባል እያሉ ቀን ከሌት ይከራከራሉ። እኔና ጓደኛዬም የትምህርት ቤታችን ልጆች በከፈቱት የስልክ ግሩፕ ውስጥ ዋነኞቹ ተከራካሪዎች ነበርን። የውሃው የእሷ፣ የጫካው የእኔ። «የእኔ» ስል በክፍል ጉዞ አንድ ጊዜ ሄጄበታለሁ ማለቴ ነው። እሷም ብትሆን ወደ «እሷ» ፓርክ የሄደችው ሁለት ጊዜ ነው።

በተጣላንበት ምሽት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አንቺ ባቡሩን ነው ዛፉን የምትወጂው? ዛፉን ከሆነ ባተርሲም ሞልቶልሻል።»

እኔም መለስኩ፦ «የአንቺው እኮ የመኪና ማቆሚያ ላይ የበቀለ ፓርክ ነው። እንዲያውም ማቆሚያው ይሻላል፤ ሰልፍ የለውም።»

ልጆቹ በሳቅ ምልክት አጥለቀለቁን፤ «ኧረ አትለቅቂያት!» የሚል ድምፅ የላከም ነበር። እሷ ምንም አልመለሰችም። ከግሩፑ ሌፍት አደረገች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትንንሾቹ ልጆች ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም ኮራሁ፤ ሄጄ «ምነው?» አላልኳትም። ኩርፊያ ደግሞ እንደ እርሾ ነው፤ ካልነኩት ሲፋፋ ያድራል።

ያላየሁት የእናቶቻችንን ነገር ነው። ሁለቱም ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጡ ናቸው፤ የተዋወቁትም በስደተኞች ቢሮ ሰልፍ ላይ ነው። እኔ ስወለድ ገንፎውን ያገነፋችው የጓደኛዬ እናት ናት። እናቷ ሺፍት ሲደራረብባት ደግሞ እሷ እኛ ቤት ነው የምታድረው። እኛ ስንኳረፍ እነሱም ስልክ መደዋወል አቆሙ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፤ የኤድመንተን ስልክ ቤታችን ሳይጮህ ከረመ። እኔ ግን እናቴ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። የተሰጠን ክፍል የሕፃናቱ ስለነበር ወንበሮቹ ከጉልበት አያልፉም። ጋሼ በደርግ ጊዜ የመጡ ረጅም ሰውዬ ናቸው፤ ኮፍያቸውን ከቄስ ፊት በቀር አያወልቁም። በዚያች ቀይ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደረሰ። እትዬ አጠገባቸው ነጠላቸውን አደግድገው ተቀመጡ። እናቶቻችን ከኋላ፣ አንዷ በአንዱ ጥግ፣ አንዷ በሌላው። እኔና ጓደኛዬ መሀል ቆመን፣ እኔ ምንጣፉን፣ እሷ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ገበታ እናያለን።

«እግዜር ያስማማችሁ፤ ሰይጣንን ከመሀላችሁ ያውጣልን» አሉ ጋሼ።

«አሜን።»

«እንግዲህ ደንቡ ነው፤ ተበዳይ ትቅደም። ተበዳይ ማናት?»

ሁለታችንም እጃችንን አወጣን።

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «እሺ፤ ነገሩ ምንድነው?» አሉ ጋሼ።

«በፓርክ ነው» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«ፓርክ ውስጥ ምን ሆናችሁ? ማነው የነካችሁ?»

እናቴ ደረቷን ይዛ ስትነሳ አየሁ። «ማንም አልነካንም!» ብለን ሁለታችንም ጮህን። «የትኛው ፓርክ ይሻላል ብለን ነው። ስለ ሮለር ኮስተር። እዚያ እየተሽከረከረ የሚወርደው ባቡር...»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ቀጥሎ ባለው ኩሽና ኩባያ የሚያጥበው ሰው ሳይቀር ቧንቧውን ዘጋ።

«ወንድ የለበትም?» አሉ እትዬ ዝቅ ብለው።

«የለበትም!»

«ቢኖርበት ይሻል ነበር» አሉ ጋሼ። ቀጥለውም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቢሆንም ሳይሰሙ መፍረድ የለም። በይ አስረጂን፤ ያንቺ ፓርክ ምን አለው?» አሉኝ።

በእንግሊዝኛ ቢሆን ሳልተነፍስ ሩብ ሰዓት እናገር ነበር። በአማርኛ ግን ቃሉ ሁሉ ከራሴ ላይ በረረ። እጄን ኮረብታ አደረግሁ፣ በጣቴ ባቡር ነዳሁ፣ «ሽዉዉ» አልኩ። «ከዚያ ጫፉ ላይ ይደርስና ትንሽ ይቆማል ጋሼ። ከዚያ ወደ ታች ሲለቀቅ ሆድሽ... ይቅርታ፣ ሆድዎ... ሆድዎ እንደዚህ...» ሆዴን ይዤ ቀረሁ። ጋሼ የራሳቸውን ሆድ ወደ ታች አዩት። መሞት ፈለግሁ።

«ቡጭ ይላል» አለች ጓደኛዬ። ዓይኗ አሁንም ገበታው ላይ ነው።

«አዎ! ሆድዎ ቡጭ ይላል!»

ከጥቅምት ወዲህ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ እሱንም የሰጠችኝ ለእኔ ፓርክ ነው። ላመሰግናት አፌን ስከፍት ጋሼ ጠየቁ።

«ለመሆኑ የዚህ ነገር ባለቤት ማነው?»

«አንድ ድርጅት ነው» አለች እሷ።

«የማንኛው?»

«የሁለቱም።»

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። «የአንድ ሰውዬ ግራ ኪስ ይሻላል፣ ቀኝ ኪሱ ይሻላል ብላችሁ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ወር የተኳረፋችሁት?»

ከበሩ ኋላ ሳቅ ፈነዳ። ክላሱ በሙሉ ጆሮውን ለጥፎ ኖሯል። ፊቴ እንደ ራዲያተር ጋለ፤ ምንጣፉ ላይ ያለችው የተረገጠች ቢጫ ክሬዮን እንኳ የምትስቅብኝ መሰለኝ።

እናቶቻችን ግን አልሳቁም።

«በዚህ ነው?» አለች እናቷ፤ ለእኛ ሳይሆን ለእናቴ። «እኔ እኮ ሰው ቤት ክርስትና የሄድን ዕለት ስለ ቤትሽ የተናገርኩት አስቀይሞሽ ነው ብዬ...»

«የምን ቤት? እኔ ደግሞ የጠላሽኝ መስሎኝ...» እናቴ አልጨረሰችውም። «ለገና ስልኩን ይዤ ተቀምጬ ነበር።»

«እኔም ይዤ ነበር።»

ልጆቹ ሲስቁብኝ ያፈርኩት ፊቴን ነው ያጋለው። ይህኛው ግን እናቴን ቀና ብዬ እንዳላያት አደረገኝ። በበዓል ቀን አንዷ ባተርሲ፣ አንዷ ኤድመንተን፣ እያንዳንዷ ምን በድያት ይሆን እያለች ስልኳን ስታይ ውላለች። እኔ በዚያው ቀን ሌላው ክፍል ውስጥ ተጋድሜ የጫካው ባቡር ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ ለማላውቀው ሰው እየጻፍኩ ነበር።

«በሉ ልጆች» አሉ እትዬ። «እናንተማ ታርቃችኋል፤ ቃል ስትዋዋሱ ሰምተናል። ይቅርታ የምትጠይቁት እነዚህን ነው።»

ጎንበስ ብዬ ወደ እናቷ ጉልበት ሄድኩ፤ ጓደኛዬም ወደ እናቴ። ሳልደርስ እናቷ ትከሻዬን ይዛ አነሳችኝ። «ተይ፣ ተይ፤ ምን አደረግሽ አንቺ» አለችኝ። ምን እንዳደረግሁማ አሁን ገና ነው ያወቅሁት። አቅፋኝ ቆየች፤ በዚያ መካከል በትከሻዋ አሻግሬ ጓደኛዬን አየኋት። እሷም በእናቴ ትከሻ አሻግራ ታየኛለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። «ፓርኪንግ» አለችኝ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝና አሳለኝ።

ኮሪደር ላይ ጃኬታችንን ስንለብስ «ግን እኮ አሁንም የውሃው ይሻላል» አለች።

«ምን ሲደረግ!»

ጋሼ ከኋላችን ነበሩ። «ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች አይድኑም!» አሉ። ትንሽ አሰቡና ግን «እንግዲህ መከራከራችሁ ካልቀረ በስልክ ጓዳ ውስጥ አይሁን። በአደባባይ፣ በአማርኛ፣ እናቶቻችሁ እየሰሙ ይሁን» አሉ።

ጓደኛዬ እዚያው ቀኑን ቆረጠችና «አንቺ መጻፍ ትወጂ የለ? ሰው ጥሪ» አለችኝ።

ስለዚህ ጠርቻችኋለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ከክላስ በኋላ፣ ዋይት ሲቲ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ እንከራከራለን። ፓርኮቹን አይታችሁ ባታውቁም ኑ፤ እናቶቻችንም አላዩም፤ ወገን ግን ከወዲሁ ለይተዋል። እናቴ «አውቶቡስ የማይደርስበት ፓርክ ምን ያደርግልኛል» ብላ ከጓደኛዬ ጋር ልትቀመጥ ነው። የጓደኛዬ እናት ደግሞ ዛፍ ትወዳለችና ከእኔ ጋር ናት። ሌላው ክላስ በሙሉ የውሃው ደጋፊ ነው። እስካሁን ሁለት ብቻ ነን፤ እባካችሁ ከእኛ በኩል ተቀመጡ።