እናትየው ያልጠየቀችው

ወለተ ሩፋኤልን ያወቅኋት መሠረተ ትምህርት ስንማር ነው። ሁለታችንም ልጃገረዶች ነበርን። እሷ እናቷ ሞታባት ታናሽ ወንድሟን ወልደ ኪዳንን አዝላ ትመጣለች፤ እሱ ሲያለቅስ ቆማ እያወዛወዘች ታነባለች። ተቀምጣ ስትማር አይቻት አላውቅም። አሁንም ሳስባት ቆማ ነው የምትመጣብኝ።

ኋላ ላሊበላ ላይ የሆቴል ልብስ አጣቢ ሆነች። እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ አጥሩ ሙሉ አንሶላ ይሰጣበትና ከሩቅ ሲያዩት ለጥምቀት የወጣ ሕዝብ ይመስላል። እንግዳው ከቀነሰ ወዲህ አንሶላው እንደታጠፈ ይውላል። እሷ ግን ንጹሑን አውጥታ ደግማ ታጥበዋለች።

ወልደ ኪዳን አድጎ ኩልመስክ ላይ ጎጆ ወጥቶ ነበር። በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤቱ ከምናለ ጋር ተጣላና በዱላ ተመትቶ ሞተ። ምናለ ተፈረደበት፣ ታስሮ ወጣ። ከወጣ ጀምሮ ሽማግሌ ይልካል። የሟች ልጅ ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ጎልምሷል፤ ገበያ በወጣ ቁጥር ስላባቱ ደም በነገር የሚወጉት አልጠፉም። የቤቱ ታላቅ ወለተ ሩፋኤል ናትና የእርቁ ቃል ከሷ ይጠበቃል። እሷ እንቢ ካለች ነገሩ ልጁ ላይ እንደሚወድቅ እናውቃለን። እሷም ታውቃለች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አባ ገብረ ሊባኖስ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ቁርጡን ንገሪን" አሏት።

"ድራማው ይለቅና እነግርዎታለሁ፣ አባ።"

"የምን ድራማ?"

"የቴሌቪዥኑ።"

አባ ወደ እኔ ዞሩ። "አመማት እንዴ?"

አላመማትም። እሑድ እሑድ ከሰዓት በሆቴሉ ሳሎን የምናየው የወንጀል ድራማ ነበር። እንግዳ በጠፋበት ሶፋ ላይ ሠራተኛውም ጎረቤቱም ተደርድረን እናያለን። አንዲት እናት ልጇ ተገድሎባታል፤ መርማሪ ፖሊሷ ገዳዩን ታሳድዳለች። ወለተ ሩፋኤል ለማሳደዱ ደንታም አልነበራት። "እናትየው የምታደርገውን ልየው፣ እታለም" ትለኝ ነበር፣ የሥጋ ዘመዷ ይመስል።

የመጨረሻው ክፍል ቀን ሶፋው አልበቃንም። ገዳዩ ተያዘ፤ የቅርብ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። እናትየው ምግብ ቋጥራ እስር ቤት ሄደች። ፊት ለፊት ቆሙ። ምግቡን ሰጠችው። አፏን ከፈት ስታደርግ የተዋንያን ስም መውረድ ጀመረ።

"አለቀ?" አለ ዘበኛው አረጋ ተነሥቶ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጡን ለዚህ ነው?"

"ወላሂ ምግቡ መርዝ አለበት" አለች ወጥ ሠሪዋ ረሒማ። "አያያዟን አላያችሁም?"

"መርዝ የሚሆነው አንቺ ስትሠሪው ነው። ሴትዮዋ ምራዋለች።"

"እንግዲያስ ከነገ ጀምሮ ምሳህን ከቤትህ ይዘህ ና!"

አስጎብኚው ባዘዘው ሳቀ። "ሆን ብለው ነው። እኔስ ለእንግዳ የታሪኩን ግማሽ ለነገ አስቀርበት የለ?"

ሁሉም በየአፉ ሲጮኽ ወለተ ሩፋኤል ግድግዳ ተደግፋ ፎጣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ደግሞ ታጥፋለች።

"አልጠየቀችውም" አለች።

"ምኑን?" አልኳት።

"ልጇ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ነዋ! ከሱ ሌላ ማን ሰማው?" ብላኝ ወጣች። ተከተልኳት። ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ንጹሑን አንሶላ ታሰጣለች። "ፍርድ ቤትም ቢሆን በምን መታህ፣ የት መታህ ነው ያሉት። ወልደ ኪዳን ምን አለ ያለ የለም። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ።"

በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰብን። ምናለ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ መጣ። ሸብቷል። ሀብተ ሥላሴ አጠገቤ ቆሞ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያቀያይራል።

"ስለ እግዚአብሔር በይ፣ ልጄ" አሉ አባ።

"አስቀድሞ ይንገረኝ። ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

"ተይው፣ ቁስል መነካካት ይሆናል።"

"አልተወውም፣ አባ።"

ምናለ ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት ሞከረ።

"ጥጃዋን አስገባት፣ ብርድ ነው፣ አለኝ።"

"አንተስ?"

"አስገባኋት። ከዚያ ሄጄ እጄን ሰጠሁ።"

ወለተ ሩፋኤል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁም። "እሱ ነው" አለች። "ራሱ ነው። ከብት ውጭ ከቀረ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። አዝዬው እንኳ ጥጃ ካየ ካላወረድሽኝ ይል ነበር።" ከዚያ ወደ ሀብተ ሥላሴ ዞረች። "ና፣ ድንጋዩን በዚያ በኩል ያዝልኝ። ብቻዬን አልችለውም።"

ልጁ አልተንቀሳቀሰም። አየኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ዱላውን እያመነታ ሰጠኝና ሄደ። ድንጋዩን ሁለቱ አወረዱት።

ወለተ ሩፋኤል ከዚያ ወዲያ ታርፋለች ብዬ ነበር። አላረፈችም፤ ንጹሑን አንሶላ ዛሬም ታጥባለች። ሳሎኑ ውስጥ አረጋና ረሒማ ስለ መርዙ ገና አልተስማሙም። እኔንም ያቺ ሴትዮ አፏን እንደከፈተች መቅረቷ እረፍት ነሥቶኛል። ትናንት ይህንኑ ለወለተ ሩፋኤል ብነግራት እጇን ከሳሙናው አውጥታ አየችኝ።

"ቤቷን ባውቀው እኮ ሄጄ እነግራት ነበር" አለች። "ጠይቂው እላት ነበር።"