ከግመሎቹ በኋላ የሆነው ጥምቀት

የወጣቶች አስተማሪ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ልጆቹን በቁመታቸው አሰለፍኳቸው። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ነገሌ ጦር ሰፈር አስር አለቃ ነበርኩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና እዚያው ከተማ ቀረሁ።

ከሊበን ገጠር ለትምህርት የመጣች ሎኮ የምትባል ልጅ ከሰልፉ መሃል ሆና፣ «ጋሼ፣ ልንዘምር ነው ልንዘምት?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። «አሳርፍ!» አልኩ፤ ማንም አላሳረፈም።

እኔ ጌታን ያመንኩት በወባ ነው ማለት ይቻላል። ሥራ ፈትቼ በኪራይ ቤት ስንቀጠቀጥ ሳምቡሳ የምትሸጥ ጎረቤቴ አጥሚት ይዛ ትመላለስ ነበር። አንድም ቀን አልሰበከችኝም። ሲሻለኝ፣ «እሁድ እሁድ የት ነው የምትሄጂው?» ብዬ ተከተልኳት። ከተጠመቅሁ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ለወጣቶች ክፍል መረጡኝ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው። የተመረጥኩበትን ምክንያት ሰብሳቢው አቶ ዘነበ አልደበቁኝም፤ «አስር አለቃ፣ ማይክራፎናችን ተበላሽቷል። ያንተ ድምፅ ግን ገበያ ድረስ ይሰማል» አሉኝ።

እውነትም ድምፄ ይሰማ ነበር። የምለው ግን አይገባም። የአርብቶ አደሮቹ ልጆች አማርኛ አይችሉም፤ የእኔም ኦሮምኛ ከ«አካም» እና ከ«ናጋ» ሰላምታ አያልፍም። ሎኮ አጠገቤ ቆማ ታስተረጉምልኝ ጀመር። አንድ ቀን ስለ ይቅርታ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናገርኩ። እሷ አንዲት አጭር ነገር ስትል ልጆቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አልሻቸው?»

«ያሉትን ነዋ፣ ጋሼ። ድግግሞሹን ብቻ ነው የተውኩት።»

እየዋለ እያደረ ልጆቹ እሷን ፈልገው ይመጡ ጀመር። ክፍሉ ሞላ።

ክፍሉ ሲሞላ የሽማግሌዎቹ ኮሚቴ ነቃ። አቶ ዘነበ ጠርተውኝ፣ «ልጅቷ አልተጠመቀችም። ያልተጠመቀ ሰው አያስተምርም፤ ደንብ ነው» አሉ።

«ታዲያ እናጥምቃት።»

«በምን ውሃ?»

እውነታቸውን ነው። ዝናብ ከቀረ ቆይቷል፤ የሲሚንቶ ማጥመቂያ ገንዳችን የመዘምራን ከበሮ ማስቀመጫ ሆኗል። እኛ ደግሞ የምናጠምቀው መላ ሰውነትን ውሃ ውስጥ አስገብተን ነው። «እንግዲያው ዝናብ እስኪጥል ክፍሉ ይዘጋ» ተባለ። ወላጆች ልጆቹን ወደ ከብት ለመመለስ ይህንኑ ነበር የሚጠብቁት። አንዴ መንጋ ተከትለው ከራቁ ደግሞ ማን ያገኛቸዋል?

ስለ ውሃው ስብሰባ ተቀመጥን። አንዱ ሽማግሌ «በርሜል ይሁን» አሉ። ሰው በርሜል ውስጥ ቆሞ ይጠመቃል ወይስ ተቀምጦ በሚለው ላይ ስንከራከር ሻይ ተፈልቶ አለቀ፤ ንዑስ ኮሚቴም ተቋቋመ። በመጨረሻ የሎኮ ዘመዶች ከብት የሚያጠጡበት ኤላ፣ ያ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ፣ ትዝ አለን። ከሀዋሳ እንግዳ ፓስተር ተጠሩ፤ ነጭ ጋዋን ታጠበ፤ አይሱዙ ተኮናተርን። የኤላውን ሰዎች እንጠይቅ ያለ ግን አንድም አልነበረም።

እዚያ የውሃ ተራ የሚያዙት ሽማግሌ አባ ሄሬጋ ይባላሉ። በትራቸውን ተደግፈው ተቀበሉን፤ ሎኮ በመሃል ታስተረጉም ነበር።

«ናጋ። ከብታችሁ የታለ?»

«ከብት የለንም። ሰው ልናጠምቅ ነው» አሉ አቶ ዘነበ።

«ተራ ይዛችኋል?»

«አባባ፣ ውሃ እኮ የእግዚአብሔር ነው።»

«ልክ ነው። ተራው ግን የእኔ ነው። ሰው የተነከረበትን ከብት አይጠጣም። ከግመሎቹ በኋላ ትገባላችሁ።»

ተቀመጥን። ከብቱ ጠጣ፤ ፍየሉ ጠጣ። ግመል ደግሞ መቸኮል የሚባል ነገር አያውቅም። ፓስተሩ ጋዋናቸውን ለብሰው ግራር ሥር ሰዓታቸውን ያያሉ። ተራችን ሲደርስ ከብቱ የሚጠጣበትን የጭቃ ገንዳ ባዶ ሆኖ አገኘነው።

«ማን ይቀዳልናል?» አልኩ።

«ባለተራው ነዋ» አሉ አባ ሄሬጋ።

አቶ ዘነበ የደም ግፊታቸውን እንደ ምክንያት አነሱ። ሎኮ ጫማዋን አውልቃ መውረድ ስትጀምር ግን አፈሩ። ያኔ ጫማ ወለቀ፤ ካልሲ ወለቀ። ኮሚቴው በጉድጓዱ እርከን ላይ ተደርድሮ ባልዲ ይቀባበል ጀመር። እንዲህ ያለ ክርክር የሌለበት ስብሰባ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። አንዱ ባልዲ ከእጄ አምልጦ ፓስተሩ ላይ ተገለበጠ።

«እኚህ ተጠመቁ!» ብሎ የሎኮ አጎት ከላይ ጮኸ።

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ስቀው ሲጨርሱ አጎትየውና ጓደኞቹ ወርደው አገዙን። እኛ የቀዳነው ብቻውን ቢሆን ዶሮም አይነክርም።

ሎኮ የጭቃው ገንዳ ውስጥ በጀርባዋ ተጋድማ ተጠመቀች። ስትነሳ አጎቷ እኛ እንድንሰማው በአማርኛ፣ «አሁን ምን ተለወጠ?» አላት።

«ከእንግዲህ ማስተማር ይፈቀድልኛል።»

«እስከ ዛሬስ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ሳስተምር።»

አጎቷ ዞሮ አቶ ዘነበን አያቸው። አቶ ዘነበ ካልሲያቸውን መፈለግ ጀመሩ።

በሳምንቱ ክፍሉ ተከፈተ። ሎኮ ፊት ቆመች፤ እኔ ከኋላ ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ኦሮምኛ የለመድኩትም እዚያው ነው። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ እንደሷ ያሉ ሌሎችንም እየፈለግሁ አገለገልኩ።

ለዛሬ የወጣት አገልጋዮች የምለው ይህን ነው። ልጆቹ የሚሰሙትን ሰው ስታገኙ ቦታውን ልቀቁለትና ተቀመጡ። ሰው ቀዬ ስትሄዱ ደግሞ አስቀድማችሁ ተራ ያዙ።