ውሃ ቀላቢው

ሞጣ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ሰው ነው። «ውሃ ቀላቢው» ይሉኛል። በምሠራበት ሆቴል ጓሮ የመዋኛ ገንዳ አለ፤ ውሃው ጨው የገባበት ነው፤ ጨዉን የማስገባው እኔ ነኝ። አስተናጋጆቹ ጆንያ ተሸክሜ ሳልፍ ካዩኝ አይለቁኝም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቁርሱን በላ?»

«በላ።»

«ምሳውንስ?»

«ለምሳ አንተን እሰጠዋለሁ።»

ይስቃሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ቃሉ ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ ይቆጠቁጠኛል። እኛ ዘንድ ሰጥሞ የሞተን ሰው ውሃ በላው ነው የምንለው። የእኔንም ልጅ ውሃ በልቶታል።

ከባለቤቴ ጋር የኖርነው ቢቸና ነው። ልጄ በገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነበር። በነሐሴ ወደ ቤት ሲመለስ ወንዙን ሞልቶ አገኘው። ከልጅነቱ ጀምሮ የተሻገረበት መልካ ስለሆነ ገባ። አብረውት የነበሩት ሰዎች ማዶ ወጥተው ዞር ሲሉ ከኋላቸው የለም። አገሬው ገመድ ይዞ ወጣ፤ ዋና የሚችሉ ገቡ፤ ካህናት ዳር ቆመው ጸለዩ። ውሃው ቀይ ጭቃ ነበርና እጅህን ብትነክር ጣትህን አታያትም። አስከሬኑ አልተገኘም። ፍትሐቱም ያለ አስከሬን ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ቢቸና መቀመጥ አልቻልኩም። ሙያ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሬዲዮ ፈትቼ፣ ፓምፕ ፈትቼ፣ ኤሌክትሪክ እየነዘረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሆቴሉ ለገንዳው ሰው መፈለጉን ስሰማ ሞጣ ሄጄ የማጥሪያ ማሽኑን የእንግሊዝኛ መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። ጨዋማው ውሃ በፓምፕ ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ የብረት ሳህኖች በተደረደሩበት ሳጥን ውስጥ ያልፋል። ሳህኖቹ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ከጨዉ ክሎሪን ይወጣል፤ ክሎሪኑ ጀርሙን ገድሎ ሲያበቃ ተመልሶ ጨው ይሆናል። ስለዚህ እኔ የምተካው ዝናብ ያቀጠነውንና ማጣሪያው ሲታጠብ የፈሰሰውን ብቻ ነው። ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ደግሞ በኮምጣጤ አጥባለሁ። እንግዶች ተአምር ይሉታል። ተአምር አይደለም፤ ተግቶ መጠበቅ ነው። ጥቂት ቀን የናቁት ውሃ ይበላሻል፤ ልጅም፣ ትዳርም እንዲሁ ነው።

ባለቤቴ አብራኝ አልመጣችም። ልጇን የበላውን ውሃ እየቀለብኩ እንደምኖር ነው የምታስበው።

«ውሃ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?» ብዬ በስልክ ተቆጣኋት።

«ለእኔ አንድ ነው።»

ባለፈው ክረምት ቁርጡን ነገረችኝ። ወይ እኔ ሥራውን ትቼ እመለሳለሁ፣ ወይ እሷ መርጡለ ማርያም ሄዳ ትመነኩሳለች። ለማስፈራራት የምትናገር ሴት አይደለችም።

«ባል ያላት ሴት እንዴት ነው ቆብ የምትጭነው?»

«እርስዎ ከውሃው ጋር ነዎት። እኔ ምን ባል አለኝ?» አለች። ቀጥላም፣ «ሳልሄድ ግን ይህን ውሃ መጥቼ ልየው» አለችኝ።

በመስከረም መጣች፤ የመጣችውም በክፉ ቀን ነው። መብራት ጠፍቶ በመሰንበቱ ማሽኑ ቆሞ፣ ገንዳው እንደ ኩሬ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ባለሆቴሉ ለጊዜው ሰማያዊ ቀለም ጨምርበት ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ ቆሻሻን ቀለም መቀባት ሰውን መስረቅ ነው። መብራቱ በተመለሰ ጠዋት በረኪና ጨምሬ ግድግዳውን በብሩሽ ስፈትግ፣ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ በጓሮው በር ገባች። ከዳሩ ራቅ ብላ ቆመች።

«ታቹ የት አለ?»

«አሁን አይታይም።»

«ያም እንዲህ ነበር» አለች። የትኛውን ውሃ እንደምትል ማብራራት አላስፈለጋትም።

ወንበር ሰጥቻት ሥራዬን ቀጠልኩ። ወደ ማሽኑ ጠቆመች።

«ያ ቀይ መብራት ምን ይላል?»

«ጨው አነሰኝ ይላል።»

«ታዲያ አይሰጡትም?»

«ውሸቱን ነው። ውሃው ሲበርድ ማሽኑ ብርዱን እንደ ጨው ማነስ ይቆጥረዋል። መጀመሪያ ላይ አምኜው ስሰጠው ስሰጠው አፍ የማይገባ ሆኖ ነበር።»

ሳቀች። ልጃችን ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«እኔስ? ያኔ በሐዘኑ ሰሞን ወጡን ትተው ሲነሡ፣ ጨው አንሶበት ይሆናል እያልኩ ስጨምርበት አልነበር?»

«እንዲያውም በዝቶ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አይናገሩም?»

እኔ ስለ ሁሉም ነገር ለሰው የምመክር ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ቤታችን ውስጥ ስለ ጨው እንኳ የሚነጋገር አልነበረም። ሳቋም ወዲያው ጠፋ።

«ለምን ውሃ መረጡ? ሬዲዮ መጠገን ያበላዎት አልነበር?»

«ታቹ የሚታይ ውሃ ፈልጌ ነው» አልኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። «ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ከማስነሣቴ በፊት ታቹን አያለሁ። ልጃችን እዚህ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ግን አያለሁ።»

ወንበሯን አንሥታ ወደ ዳሩ አስጠጋች።

ውሃው እስኪጠራ ቀናት ፈጀ። በየጠዋቱ አብራኝ እየመጣች ተቀመጠች። አረንጓዴው ሞቶ ውሃው እንደ አጓት ነጣ። ከዚያ ደረጃው ታየ፤ ቀጥሎ የወለሉ ሴራሚክ፤ በመጨረሻ ጥልቁ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ወንፊት። ያን ዕለት ተንበርክካ ከጥግ እስከ ጥግ አየችው።

«የለም» አለች።

«የለም።»

ከመሬት ሳትነሣ፣ «ቆቡ ይቆይልኝ። እዚሁ እኖራለሁ» አለችኝ። «ታቹ ያልታየ ቀን ግን እንዳይዋሹኝ።»

«መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«እኔ ባልከፋ ብለው ይዋሻሉ። አውቅዎታለሁ።»

አሁን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ሞጣ እንኖራለን። ምሳ ሰዓት ስገባ እጄን ሳልታጠብ፣ «ታየ?» ትለኛለች። «ታየ» እላለሁ፤ እንበላለን። ይህ መጽናናት ይሁን ወይም የእኔ በሽታ ወደ እሷ ተላልፎ ይሁን አላውቅም፤ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም።

ሰሞኑን ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ጎርፉ የግቢውን ቀይ አፈር ጠርጎ ገንዳው ውስጥ ከተተው። ማጣሪያውን ከፍቼ ለምሳ ወደ ቤት ሄድኩ። ገበታው ቀርቧል፤ እንፋሎቱ ይታያል።

«ታየ?»

እውነት ተናገሩ እያልኩ ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ጎረቤት አስቀይሜያለሁ። ያን ጊዜ ግን ውሸቷ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«አልታየም» አልኳት።

ገበታውን ከደነችው። ነጠላዋን አንሥታ ቀድማኝ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ሆቴሉ ደርሰን እኔ ብሩሹን ሳነሣ እሷ ዳሩ ላይ ተቀምጣ ቀዩን ውሃ ማየት ጀመረች።