ሳይሰናበቱ መሄድ

እኛ ዘንድ፣ በሐይቅም በአምባሰልም፣ እናት ዓረብ አገር ስትሄድ ሕፃን ልጇን አትሰናበትም። ልጅ ጎረቤት ይወሰድና እሱ ሲጫወት እናት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። «ለቅሶው ሆድ ያባባል፣ መንገዱንም ያከብዳል» ይባላል። ክፋት የለበትም፤ ሁሉም ከአንጀቱ አዝኖ የሚያደርገው ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የእኔ እናት ስትሄድ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገችን አክስቴ «ውጫሌ ገበያ ሄዳለች፣ ከረሜላ ይዛልሽ ትመጣለች» አለችኝ። ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ ከውጫሌ የሚመጣውን መኪና ሁሉ መጠበቅ ጀመርኩ። እናቴ በደሴ በኩል ሄዳ እኔ በተቃራኒው መንገድ ላይ ዓይኔን ተክዬ ከረምኩ። ሳለቅስ «ምን ጎደለብሽ? በልተሻል፣ ለብሰሻል» እባላለሁ። እውነትም አልጎደለብኝም፤ እንዲያውም ከእናቴ በሚላከው ልብስ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የምደምቀው እኔ ነበርኩ። ቀስ በቀስ የማለቅስበትን ምክንያት ራሴም መጠራጠር ጀመርኩ።

ካደግሁ በኋላ ሰው መውደድ አላወቅሁበትም፤ ወይም ከመጠን በላይ አወቅሁበት። ጓደኛዬ ጠዋት ነፍሴ ናት፤ ከሰዓት ከሌላ ልጅ ጋር ሻይ ስትጠጣ ካየኋት ጠላቴ ናት። እጮኛዬ ስልክ ካላነሳ ትቶኝ እንደሄደ እርግጠኛ እሆናለሁ። እየተሳደብኩ እደውላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አትሂድብኝ ብዬ እግሩ ሥር እወድቃለሁ። ብሶብኝ ክንዴን የቧጨርኩባቸው ቀናትም አሉ። በመጨረሻ እውነትም ሄደ። «ጅን ነው» ተባለና ዱዓ ተደረገልኝ። ዱዓውን ወድጄው ነበር። ያ ሁሉ ጎረቤት ስለ እኔ አሚን ሲል ውሎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ቅሞ፣ ሳይመርቀኝ የሄደ አንድም ሰው የለም። ችግሩ በማግሥቱ ሁሉም ወደየሥራው መሄዱ ነው።

ለዚህ ሁሉ ስም የሰጠችው ደሴ ያገኘኋት ሐኪም ናት፤ ቦርደርላይን የሚባል የስብዕና መታወክ።

«ታናሽ እህቴስ?» አልኳት በቁጣ። «እሷም በዚያው ቤት፣ በዚያችው አክስት እጅ ነው ያደገችው። የተረጋጋች ናት። እኔ ብቻ ለምን?»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። አንዳንድ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ስሜት ይበረታበታል አለችኝ፤ ያ በራሱ በሽታ አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ የሚወደው ሰው ድንገት ሲጠፋበት፣ ሆድ ሲብሰውም «ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?» ሲባል፣ ፍርሃቱ አብሮት ያድጋል። በአንድ ነገር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የሁሉም ሰው መንገድም አንድ አይደለም። «ይሻልሻል፤ ብዙ ሰው ይሻለዋል» አለች። ያን ቀን አላመንኳትም። እየተመላለስኩ ግን የሚሰማኝን በስሙ መጥራት፣ ቁጣዬ ሲነሳ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ከመናገሬ በፊት ትንሽ መቆየት ተማርኩ። አሁን አምናታለሁ።

ዘንድሮ የእህቴ ቪዛ መጣ። ትንሿ ልጇ የምትቀረው ከእኔና ከአክስቴ ጋር ነው። ልጅቷ ጫማዋ ከጠፋ ቤቱን የምታናውጥ፣ ስትስቅ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ የምታስቅ ናት። ራሴን አየሁባትና ፈራሁላት። አክስቴ እንደ ድሮው «ጠዋት ጎረቤት እወስዳታለሁ» ስትል ደሜ ፈላ። ተነስቼ ጓሮ ሄድኩ፤ ፊቴን ታጠብኩና ተመለስኩ።

«አክስቴ፣ ያን ጊዜ እኔን ያመመኝ የእናቴ መሄድ ብቻ አይደለም። ማንም አልነገረኝም። ይቺ ልጅ ትወቅ፤ ታልቅስ።»

«አመልሽ ተነሳ ደግሞ» አለች።

«አልተነሳም። እያወራሁሽ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። እውነትም ድምፄን ከፍ አላደረግሁም ነበር።

«ያ ረቢ» አለች፤ «እኔ እኮ ለቅሶሽን መስማት አቅቶኝ ነው። ወላሂ ሌላ አልነበረም።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች፤ «በይ፣ ራስሽ ንገሪያት።»

እህቴ ነገረቻት። ልጅቷ ጫማዋን ወረወረችባት። መናኸሪያ ድረስ አብረን ሄድን። እህቴ አቅፋ ስማት፣ እንደምትደውልላት ነግራት፣ እያለቀሰች ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጅቷ ጮኸች፤ ትከሻዬን ነከሰችኝ። መናኸሪያው ሁሉ እንደ ጨካኝ አየን።

«አብሽሪ» አልኳት፤ «ከፍቶሻል። እኔንም ከፍቶኛል።» ዝም በይ ግን አላልኳትም።

ቤት ገብተን ለቅሶዋ ጋብ ሲል አክስቴ አጠገባችን ተቀምጣ የልጅቷን እግር ታሻሽ ነበር። ልጅቷ ውኃ ጠየቀች። አክስቴ ብድግ ብላ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ መጥታ ፊታችን ቁጢጥ አለች፤ መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ውኃ ላመጣ ነው የምሄደው» አለች፤ «አሁን እመለሳለሁ።»